«ጠበኛ አሳ» ወይስ ጠባብ ቤት?

«አሳ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ይላል ያገራችን ሰው፡፡ እኔ ዘንዶውን ያወጣሁት ከሐይቅ ሳይሆን ከአጎቴ ሳሎን ነው፡፡ ነገሩ እንዲህ ነው፡፡

አጎቴ ጡረታ እንደወጡ «ቴሌቪዥን ላይ ከማፍጠጥ ይሻላል» ብለው አንድ ትልቅ የአሳ ገንዳ (አኳሪየም) አሠሩ፡፡ ርዝመቱ 1 ሜትር ከ80፣ ጎኑ 50 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 60 ሴንቲ ሜትር ነው፡፡ ሂሳብ ለሚወድ 540 ሊትር፣ ማለትም ውሃው ብቻ ከአምስት ኩንታል በላይ የሚመዝን ዕቃ ነው፡፡ ከዚያ አሳ ከሚሸጥበት ቤት ሄደው «ድብልቅ የአፍሪካ ሲክሊድ» የተባለውን መረጡ፡፡ ቢጫው፣ ሰማያዊው፣ ባለመስመሩ፣ ባለነጠብጣቡ… ከየዓይነቱ አንድ አንድ፣ በጣም የወደዷቸውን ደግሞ ሁለት ሁለት አድርገው በጠቅላላው 11 ዓይነት፣ 14 አሳ ይዘው መጡ፡፡ የኖህ መርከብ በሉት!

በሦስተኛው ሳምንት አምስት ቀሩ፡፡ ሌሎቹ ጅራታቸው ተቆራርጦ፣ ቅርፊታቸው ተገፎ፣ አንዳንዶቹም ከማሞቂያው ጀርባ ተወሽቀው ሞተው ተገኙ፡፡ ጥቁር መልክ ያለው፣ ፈዛዛ ሰማያዊ መስመር የተሰመረበት አንድ አሳ መሐል ድንጋይ ላይ ቆሞ ሁሉንም ጥግ አስይዟል፡፡ አጎቴ ደወሉልኝና «አንተ ባዮሎጂ ትማር የለም እንዴ? በል ናና ይኼን ሽፍታ ገላግለኝ» አሉኝ፡፡

እኔም የሦስተኛ ዓመት ተማሪነቴን ተማምኜ፣ ከዚህም ከዚያም ያነበብኩትን ይዤ «ጋሼ፣ መፍትሔው ቀላል ነው፤ ገንዳውን በአሳ ይሙሉት፤ ጠቡ ይከፋፈላል» አልኳቸው፡፡ እሳቸውም አመኑኝ፡፡ 40 አሳ ጨምረው 45 አደረሱት፡፡ እውነትም ገንዳው ጸጥ አለ፡፡ ሽፍታው የቱን አሳድዶ የቱን ይተው? ለአንድ ወር ያህል እኔ በቤተሰቡ ዘንድ ዶክተር ነበርኩ፡፡

ታዲያ አንድ ቀን ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ መብራት ሄደ፡፡ የመጣው ሊነጋ ሲል ነው፡፡ ጠዋት 31 አሳ ውሃው ላይ ተንሳፎ ነበር፡፡ እንደ መጀመሪያው ቀን 14 ቀሩ፡፡ አጎቴ አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር፡፡ ያሉት ይህን ብቻ ነው፤ «እነዚህ ክፉ ዘር ናቸው፡፡ የቀሩትን ቢሾፍቱ ወስጄ ሐይቁ ውስጥ ለቅቄ እገላገላለሁ፡፡»

ውድ አንባቢያን፣ ይህችን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ይኸው ንግግር ነው፡፡ በእኔ እምነት አጎቴ ሁለት ቦታ ላይ ተሳስተዋል፤ እኔ ደግሞ ከሳቸው በባሰ አንድ ቦታ ላይ ተሳስቻለሁ፡፡ አሳዎቹ ክፉ አይደሉም፡፡ ሐይቅ ውስጥ መልቀቅም መገላገያ አይደለም፡፡ የእኔ ስሕተት ግማሽ ምክር መስጠቴ ነው፡፡ ግማሽ ምክር ካለመምከር ይከፋል፡፡

በቅድሚያ እነዚህ አሳዎች እነማን ናቸው? ሲክሊድ ሰፊ ቤተሰብ ነው፡፡ ከዝዋይና ከሐዋሳ መጥቶ በየምግብ ቤቱ ተጠብሶ የሚቀርብልን ቆሮሶ ራሱ ሲክሊድ ነው፡፡ በአፋር በረሃ፣ ከባሕር ወለል በታች ባለው ጨዋማው የአፍዴራ ሐይቅ ውስጥ የምትኖረውና ከዚያ ሌላ የትም የማትገኘው ዳናኪሊያ ፍራንኬቲ የምትባል ትንሽ አሳም የዚሁ ቤተሰብ አባል ነች፡፡ ይሁን እንጂ ቤተሰቡ በዓለም ላይ ስሙን ያስጠራው በሦስቱ የምሥራቅ አፍሪካ ታላላቅ ሐይቆች ማለትም በማላዊ፣ በታንጋኒካና በቪክቶሪያ ነው፡፡ በማላዊ ሐይቅ ብቻ ከ800 በላይ ዓይነት ሲክሊድ እንደሚኖር ይገመታል፤ ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም ከዚያ ሐይቅ ውጪ በተፈጥሮ የማይገኙ ናቸው፡፡ ዩኔስኮ የማላዊ ሐይቅን ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1984 በዓለም ቅርስነት የመዘገበውም በነዚሁ አሳዎች ምክንያት ነው፡፡

የአጎቴ ገንዳ ውስጥ የገቡት አብዛኞቹ «ምቡና» የሚባሉት ናቸው፡፡ ቃሉ ከማላዊ የቶንጋ ሕዝብ ቋንቋ የመጣ ሲሆን የድንጋይ አሳ ማለት ነው፡፡ ስማቸው እንደሚነግረን ኑሯቸው በሐይቁ ዳርና በደሴቶቹ ዙሪያ ባለው ቋጥኝ መካከል ነው፡፡ የሚበሉት በዋናነት ድንጋዩ ላይ እንደ ምንጣፍ የበቀለውን አልጌና በውስጡ ያሉትን ጥቃቅን ነፍሳት ነው፡፡ አሸዋ ተሻግሮ ሌላ ቋጥኝ ጋ መሄድ አይወዱም፡፡ ስለዚህ ከአንዱ የድንጋይ ክምር ወደ ሌላው ክምር ዓይነታቸው ይለያያል፡፡

እንግዲህ ጠቡ የሚመጣው ከዚህ ነው፡፡ ለወንዱ ምቡና አንድ ጥሩ ድንጋይ ማለት ጓዳውም፣ እርሻውም፣ ጫጉላ ቤቱም ነው፡፡ ድንጋይ የሌለው ወንድ የሚበላው ያንሳል፤ ሴትም ዞር ብላ አታየውም፡፡ ስለዚህ ይዋጋል፡፡ በሐይቁ ውስጥ ግን ይህ ውጊያ አብዛኛውን ጊዜ ገዳይ አይደለም፡፡ የተሸነፈው ሁለት ሦስት ሜትር ይሸሽና ጉዳዩ ያበቃል፡፡ አሸናፊውም ድንጋዩን ጥሎ አይከተለውም፤ ምክንያቱም እሱ ሲሄድ ሌላው ይገባበታላ! በአጎቴ ገንዳ ውስጥ ግን ከዳር እስከ ዳር 1 ሜትር ከ80 ብቻ ነው፡፡ ተሸናፊው የትም ቢሸሽ አሁንም ከአሸናፊው ግቢ አልወጣም፡፡ አሸናፊው «ውጣ» ይላል፤ ያኛው መውጫ የለውም፡፡ በመስታወት የታጠረ ፍርድ ቤት፤ ይግባኝ የሌለው!

ይህ የእኔ ግጥም ሳይሆን የተጠና ነገር ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1973 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት የእንስሳት ጠባይ ተመራማሪዎች አንዱ የሆነው ኮንራድ ሎሬንዝ በ1963 ስለ ጠበኝነት ባሳተመው መጽሐፍ ላይ ስለ ሲክሊዶች የሚያስገርም ነገር ጽፏል፡፡ ባልና ሚስት ሲክሊዶች ከሌሎች አሳዎች ጋር ሲኖሩ ወንዱ ቁጣውን የሚወጣው በጎረቤት ላይ ነው፡፡ ጎረቤቱ ከገንዳው ሲወጣላቸው ሰላም የሚያገኙ ይመስላል፤ ወንዱ ግን ዞሮ ሚስቱን መግደል ይጀምራል፡፡ ለዚህም መድኃኒቱ መሐል ላይ መስታወት ጋርዶ በወዲያኛው በኩል ጎረቤት ማስቀመጥ ሆነ፡፡ እንግዲህ «አሳ ጨምርበት» የሚለው ምክር ሥር ከዚህ ብዙም አይርቅም፡፡

በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ራስል ፈርናልድ ከባልደረቦቻቸው ጋር ለብዙ ዓመታት ያጠኑትም ሲክሊድ ነው፤ በታንጋኒካ ሐይቅ አካባቢ የሚገኘውን አስታቶቲላፒያ በርቶኒን፡፡ ግዛት ያለው ወንድ ቀለሙ የደመቀ ነው፡፡ ግዛቱን ሲነጠቅ በደቂቃዎች ውስጥ ደብዝዞ ሴት ይመስላል፡፡ ቆይቶ ደግሞ የዘር ፍሬው ይቀንሳል፤ አንጎሉ ውስጥ የመራቢያ ሆርሞንን የሚያዙት ሴሎች ሳይቀሩ ያንሳሉ፡፡ ቦታ ሲያገኝ ሁሉም ይመለስለታል፡፡ እስቲ አስቡት፤ ቦታ ማጣት አንጎል ድረስ ይገባል! ስለዚህ ማሞቂያው ጀርባ ተወሽቆ የቆየውን ያን ግራጫ አሳ «ፈሪ» ብለን የምናልፈው አይደለም፡፡ መላ ሰውነቱ የተሸነፈ ፍጡር ነው፡፡

አሁን ወደ ራሴ ስሕተት ልምጣ፡፡ «ገንዳውን ሙላው» የሚለው ምክር ውሸት አይደለም፡፡ የማላዊ ሲክሊድ የሚያሳድጉ ሰዎች በልምድ የደረሱበት ነው፡፡ ብዙ አሳ ሲኖር አንዱ አውራ አንዱን ብቻ ለይቶ ማሳደድ ያቅተዋል፤ ዱላው ለብዙ ጀርባ ይከፋፈላል፡፡ ለምሳሌ ቺንዶንጎ ዴማሶኒ የምትባለዋ ከ8 ሴንቲ ሜትር ብዙም የማትበልጥ ሰማያዊና ጥቁር አሳ በራሷ ዓይነት ላይ እጅግ ጨካኝ ስለሆነች ከ12 በታች አድርጎ መያዝ አይመከርም፡፡ እስከዚህ ድረስ ልክ ነበርኩ፡፡

ያልነገርኳቸው ሁለተኛው ግማሽ ግን ይኸው ነው፡፡ አሳ በበዛ ቁጥር አሞኒያ ይበዛል፡፡ በማጣሪያው (በፊልተሩ) ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ደግሞ ወደ ናይትሬት ይለውጡታል፡፡ ይህ የባክቴሪያ ሕዝብ በአዲስ ገንዳ ውስጥ ተራብቶ እስኪደላደል አብዛኛውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል፡፡ በተጨማሪም ምቡና የሚፈልገው ፒኤቹ ወደ 8 የሚጠጋ ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ ውሃ ነው፡፡ የኬሚስትሪ ትምህርታችንን እናስታውስ፤ በ25 ዲግሪ ሙቀት ፒኤች 7 ላይ ከጠቅላላው አሞኒያ መርዛማው ክፍል 1 በመቶ እንኳ አይሞላም፡፡ ፒኤች 8 ላይ ግን 5 በመቶ ገደማ፣ ፒኤች 8.5 ላይ ደግሞ 15 በመቶ ገደማ ይደርሳል፡፡ ማለትም ሌላ አሳ የሚታገሰው ቆሻሻ ለምቡና ገዳይ ነው፡፡

ይህ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፡፡ ምክሩን የጻፉት ሰዎች የሚኖሩት ባሕር ዳር ነው (ጣናው ባሕር ዳር አላልኩም!)፡፡ እኛ ያለነው ከ2300 ሜትር በላይ ነው፡፡ እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው፡፡ ስለዚህ ውሃ አሟጦ ሊይዝ የሚችለው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል፡፡ በባሕር ወለል ከፍታ 26 ዲግሪ የሞቀ ውሃ በሊትር 8 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ቢይዝ፣ አዲስ አበባ ላይ ያው ውሃ 6 ሚሊ ግራም አካባቢ ነው የሚይዘው፡፡ የማላዊ ሐይቅ ራሱ ያለው ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር እንኳ በማይሞላ ከፍታ ላይ ነው፡፡ እኔ ግን የሌላ አገር ቁጥር እንዳለ ገልብጬ ሩብ ኦክስጅን በጎደለው ውሃ ውስጥ 45 አሳ አስገባሁ፡፡ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሏል ይህ ነው፡፡

በዚህ ላይ መብራት ሲሄድ ምን እንደሚፈጠር አስቡት፡፡ የአየር ፓምፑ ይቆማል፡፡ ማጣሪያው ይቆማል፡፡ 45 አሳ ያንኑ ውሃ ይተነፍሳል፡፡ ተዘግቶ በቀረው ማጣሪያ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎችም ኦክስጅን ይፈልጋሉ፤ ሲያጡ መሞት ይጀምራሉ፡፡ ሊነጋ ሲል መብራቱ ሲመጣ ማጣሪያው ተነሥቶ ሌሊቱን ሙሉ ታፍኖ የከረመውን ክፉ ውሃ ወደ ገንዳው ተፋው፡፡ ሁላችን ተኝተን ነበር፡፡ እንግዲህ እነዚያን 31 አሳዎች የገደላቸው ማን ነው? ሽፍታው? በፍጹም! እሱማ ራሱ ከሞቱት አንዱ ነበር፡፡

አንዳንድ ጓደኞቼ ይህን ስነግራቸው «ታዲያ ለምን አሳ ያስቀምጣሉ? በተፈጥሮው ይተውት» ይሉኛል፡፡ ሐሳቡ ክብደት አለው፡፡ ለምሳሌ ቺንዶንጎ ሳውሎሲ የምትባለው ምቡና በማላዊ ሐይቅ በቺዙሙሉ ደሴት አቅራቢያ በአንድ ትንሽ የውሃ ውስጥ ቋጥኝ ብቻ የምትኖር ሆና ሳለ ለገንዳ ንግድ በብዛት ስለተጠመደች ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ገብታለች፡፡ ከሐይቅ ተይዞ የመጣ አሳ ስንገዛ ሳናውቀው ለዚህ ገንዘብ እናዋጣለን፡፡ ነገር ግን በየገንዳው የሚታዩት አብዛኞቹ ምቡናዎች ከትውልድ ትውልድ በሰው እጅ የተራቡ ናቸው፡፡ እነዚህን በሥርዓት መያዝ ተፈጥሮን መበደል ነው ብዬ አላምንም፡፡ እንዲያውም አንድ ተማሪ ስለ አውራነት፣ ስለ ጋብቻና ስለ ልጅ አስተዳደግ ከመጽሐፍ ምዕራፍ የማይማረውን አንድ ገንዳ ፊት ወንበር ስቦ በመቀመጥ ሊማር ይችላል፡፡ ሴቷ ምቡና እንቁላሏን አፏ ውስጥ ከታ ሦስት ሳምንት ያህል ምግብ ሳትቀምስ ስትቆይ ማየት ቀላል ነገር ነው እንዴ? በደሉ ያለው ማስቀመጡ ላይ ሳይሆን አኗኗራቸውን ሳያውቁ ማስቀመጡ ላይ ነው፡፡

ሌሎች ደግሞ በተቃራኒው «አሳ አሳን ቢበላ ምን አለበት? የተፈጥሮ ሕግ ነው፤ ጠንካራው ይኑር» ይላሉ፡፡ ይህን ሰበብ ግን አልቀበልም፡፡ ተፈጥሮ ለተሸናፊው መሸሻ ሰጥታው ነበር፤ መሸሻውን የወሰድነው እኛ ነን፡፡ መስታወቱን ያቆመው ሰው የተፈጥሮን ሕግ ምስክር አድርጎ መጥራት አይችልም፡፡

ታዲያ ምን ይደረግ? ከስሕተቴ በኋላ ከአጎቴ ጋር እንደገና ስንጀምር የተከተልነውን ልንገራችሁ፡፡

አንደኛ፣ ከአንድ ሐይቅ፣ ባሕርያቸውና አመጋገባቸው ከሚቀራረብ አሳዎች መረጥን፡፡ «አፍሪካ» የሚል ስም ስለተጻፈበት ብቻ የማላዊውን ከታንጋኒካው፣ አልጌ በሊታውን ከአሳ በሊታው ጋር መደባለቅ ጥፋት ነው፡፡ ምቡና ሥጋ የበዛበት ምግብ ሲለምድ ሆዱ ተነፍቶ የሚሞትበት በሽታ አለ፤ ጭንቀት ደግሞ ያባብሰዋል፡፡ ስለዚህ ምግባቸው አትክልትነት የሚያመዝንበት፣ መጠኑም ጥቂት ጥቂት የሆነ ነው፡፡

ሁለተኛ፣ 11 ዓይነት መሆኑ ቀርቶ ሦስት ዓይነት አደረግን፡፡ ቢጫው ላቢዶክሮሚስ ካሩሊየስ 8፣ ዝገት የመሰለው አዮዶትሮፊየስ ስፕሬንገሬ 8፣ ሰማያዊ ሆኖ ጅራቱ ቢጫ የሆነው «አሴይ» 7፤ በድምሩ 23፡፡ ሦስቱም ከምቡና መካከል ለስለስ ያሉ ናቸው፡፡ መልካቸው የማይመሳሰል መሆኑም ሆን ተብሎ ነው፤ ምክንያቱም ወንድ ምቡና ይበልጥ የሚጠላው እሱን የሚመስለውን ነው፡፡ የሚመሳሰሉት ደግሞ ይዳቀሉና ዘሩ የማን እንደሆነ የማይታወቅ አሳ ይፈለፈላል፡፡ ያ የመጀመሪያው ሽፍታ ሜላኖክሮሚስ አውራተስ ይባላል፤ በልጅነቱ የሚያምር ቢጫ፣ አውራ ሲሆን ጥቁር፡፡ አጎቴ በቢጫነቱ ወደውት የገዙት ነው፤ ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው፡፡ የግድ እሱን እፈልጋለሁ የሚል ሰው አንድ ወንድ ከብዙ ሴቶች ጋር ብቻውን ገንዳ ይስጠው እንጂ ከለስላሶች ጋር አይቀላቅለው፡፡

ሦስተኛ፣ ለአንድ ወንድ ሦስት ወይም አራት ሴት እንዲደርስ ለማድረግ ሞከርን፡፡ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ብሎ ማስቀመጥ ለእኛ የፍቅር ኑሮ ይመስለናል፡፡ ለሴቷ ግን እረፍት የሌለው ማሳደድ ነው፡፡

አራተኛ፣ ድንጋዩን ቤት አስመስለን ሠራነው፡፡ መጀመሪያ ድንጋዩ ገንዳው ወለል ላይ ይደላደላል፤ አሸዋው ከዚያ በኋላ ይፈሳል፡፡ አለበለዚያ አሳዎቹ አሸዋውን ሲቆፍሩ ክምሩ ተንዶ መስታወቱን ይሰብራል፡፡ ብዙ ቀዳዳ፣ ብዙ መግቢያና መውጫ፣ እንዲሁም ከአንዱ ጫፍ ሌላው ጫፍ እንዳይታይ መከለያ ያስፈልጋል፡፡ ያልታየ አይሳደድም፡፡

አምስተኛ፣ ውሃውን በቅድሚያ ለሁለት ወር ያህል አዘጋጀን፡፡ ከሞት የተረፉት 14 አሳዎች ለሻጩ ተመልሰው ስለነበር ገንዳው አሳ አልነበረውም፤ ባክቴሪያዎቹ እንዲራቡ ትንሽ ትንሽ አሞኒያ እየጨመርን ስንለካ ከረምን፡፡ ከዚያም አሳዎቹን በልጅነታቸው፣ መጠናቸው ተቀራራቢ ሆኖ፣ በአንድ ቀን አስገባን፡፡ ቀድሞ የገባ ባለርስት ነኝ ይላላ! ኋላ ላይ አሳ የሚጨመር ከሆነ ድንጋዩን አፍርሶ እንደገና መደርደር ይበጃል፤ ያኔ ሁሉም እንግዳ ይሆናል፡፡ በየሳምንቱ ከውሃው አንድ ሦስተኛ ያህሉ ይቀየራል፡፡

ስድስተኛ፣ መብራት ሲሄድ በራሱ የሚነሣ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ተገጠመ፡፡ ዋጋው ከ31 አሳ ዋጋ በጣም ያነሰ ነው፡፡ የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ማለት ይኼ ነው፤ እኛ የለቀምነው ግን አሳ በድን ነው፡፡

በመጨረሻም ስለ ቢሾፍቱው ሐሳብ፡፡ አጎቴ ይህን ያሉት ከርኅራኄ ነው፤ «ሰፊ ውሃ ያግኙ» ብለው፡፡ ሆኖም የገንዳ አሳን ሐይቅ መልቀቅ ደግነት የመሰለ ወንጀል ነው፡፡ አሳዎቹ ቢሞቱ በከንቱ ሞቱ፡፡ ቢተርፉ ደግሞ የባሰ ነው፤ ምግብና መራቢያ ቦታ ይሻማሉ፣ የያዙትን በሽታ ያራባሉ፣ ተመልሶም የሚሰበስባቸው የለም፡፡ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ እንመልከት፡፡ እኛ ጫሞ ላይ ነጭ አሳ የምንለው ናይል ፐርች እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ወደ ሐይቁ ተጨመረ፡፡ ያስገቡት ሰዎች ክፉ አላሰቡም፤ ምርት እንጨምር ነው ያሉት፡፡ በ1980ዎቹ የነጩ አሳ ቁጥር ሲያሻቅብ፣ ከውሃው መበከል ጋር ተደምሮ፣ በዚያ ሐይቅ ብቻ የነበሩ 200 ያህል የሲክሊድ ዓይነቶች እንደጠፉ ይገመታል፡፡ ሩቅ ሳንሄድ ጣናን የወረረው እምቦጭም ከደቡብ አሜሪካ ተነሥቶ ዓለምን ያዳረሰው በአበባው ውበት የተነሣ በሰው እጅ ነው፡፡ በጣና ውስጥ ደግሞ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ ትላልቅ የባርበስ ዓይነቶች አሉ፡፡ አንድ ባልዲ አሳ የሚያመጣውን ዕዳ ለመክፈል የአንድ ሰው ዕድሜ አይበቃም፡፡ ለዚህ ነው አጎቴን ቁልፋቸውን ይዤ «ጋሼ፣ ይህንንስ አላስነካዎትም» ያልኳቸው፡፡ በሕይወቴ አጎቴን አልታዘዝም ያልኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው፡፡

ይህን ሁሉ የምዘበዝበው ያለምክንያት አይደለም፡፡ በዲፓርትመንታችን ኮሪደር ላይ አንድ ትልቅ ባዶ የአሳ ገንዳ ቆሟል፡፡ «ባለቀለም አሳ እናስገባበት» የሚል ወሬም በተማሪው መካከል ይሰማል፡፡ ሐሳቡን እደግፋለሁ፡፡ ነገር ግን አንድ ዓሣ እንኳ ከመግዛታችን በፊት አራት ጥያቄ እንመልስ፤ የተሸነፈው አሳ የት ይሸሻል? መብራት ሲሄድ ማን ይተነፍስላቸዋል? በክረምት ዕረፍት ማን ውሃ ይቀይራል? አልቻልንም ስንል ለማን እንሰጣቸዋለን? ለአራቱም መልስ ካለን እንግዛ፤ ከሌለን ገንዳው ባዶውን ይቆይ፡፡ ባዶ ገንዳ ማንንም አይገድልም፡፡

አጎቴ ጋ ባለፈው እሑድ ሄጄ ነበር፡፡ ከ23ቱ 22 አሉ፡፡ አንዷ ለምን እንደሞተች አላወቅንም፡፡ ከቢጫዎቹ አንዷ ጉሮሮዋ ተነፍቶ፣ ምግብ ሲበተን ሁሉም ሲሻማ እሷ ድንጋይ ሥር ቆማ ታያለች፡፡ አጎቴ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው «ቀስ በል፤ አፏን ሞልታ ነው» አሉኝ፡፡ ወንዱ መጣ፤ አባረራት፡፡ እሷም በአንዱ ቀዳዳ ገብታ በሌላው ወጣች፤ እሱም ትቷት ወደ ድንጋዩ ተመለሰ፡፡ አዎን፣ አሁንም ይጣላሉ፡፡ አሁን ግን መሸሻ አለ፡፡

ቸር ይግጠመን፡፡